«ልጄ ወፍሯል፤ እራቱን ልከልክለው?»

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ሰሞኑን ሲመዘን 41 ኪሎ ሆነ፤ ቁመቱ 136 ሳንቲ ሜትር ነው። ዳገት ሲወጣ ያለከልካል። ልጆች ‹ዱባ› ይሉታል፤ እያለቀሰ ይመጣል። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። ‹ልጁ አምሮበታል፣ ዓይን እንዳታስገቡት› ትላለች። ባለቤቴ ‹ሲረዝም ይረግፍለታል› ይላል። እኔ ግን ጨንቆኛል። ለስላሳ አስትቼው ጁስ ጀምሬለታለሁ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ እራት ከልክዬዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ እሰጠዋለሁ። እንጀራም ላስተወው ወይ እያልኩ ነው። ትምህርት ቤቱ በእግር 20 ደቂቃ ቢሆንም በባጃጅ ነው የሚመላለሰው። አንድ ሰው የታይሮይድ ችግር ይሆናል አለኝ። የሚቀንስ መድኃኒት ካለ ይንገሩኝ። ሌሎቹ ሁለት ልጆቼ ቀጫጮች ናቸው። ለእሱ ብቻ ምግቡን ልለይበት?»

ምላሽ፦

እራቱን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይመልሱለት። የቀረውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

እራት የተከለከለ የ9 ዓመት ልጅ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ርቦት ይተኛል፣ ወይም ርቦት ሳይተኛ ያድራል። በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ያገኘውን ይገዛል። ሳንቲም ከሌለው ከጓደኛው ይለምናል። ቤት ውስጥም ደብቆ መብላት ይጀምራል። ደብቆ የሚበላ ልጅ ምን ያህል እንደበላ እርስዎ አያውቁም፤ እሱም ልብ አይለውም። ሌሎቹ ልጆች ከትሪው ዙሪያ ተቀምጠው እሱ ብቻ ሲከለከል ደግሞ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ጥፋት እንዳጠፋና እየተቀጣ እንደሆነ። «ዱባ» ብለው ያስለቀሱት ልጆች ያሉትን ቤቱም አጸናለት ማለት ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ኪሎ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከቁመትና ከዕድሜ ጋር ነው የሚታየው። ቁመቱን በሜትር ወስደው በራሱ ያባዙት፤ ከዚያ ኪሎውን በውጤቱ ያካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ቢኤምአይ ይባላል። የልጅዎ 22 ግድም ነው። ለአዋቂ 22 ደህና ቁጥር ነው። ብዙ ወላጅ በስልኩ አስልቶ «ኖርማል ነው» ብሎ የሚተወውም ለዚህ ነው። ልጅ ግን በአዋቂ መለኪያ አይለካም። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሰንጠረዥ የ9 ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛው 16 ነው። 18 ገደማ ሲያልፍ ክብደቱ ከሚገባው በላይ ሆኗል ይባላል። 20.5 ሲያልፍ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። ስለዚህ ጭንቀትዎ ከንቱ አይደለም።

ይህንኑ ቁጥር ግን በሌላ በኩል ይዩት። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ልጅዎ አንድ ኪሎ ሳይቀንስ፣ አንድ ኪሎም ሳይጨምር ሁለት ዓመት ቢቆይ፣ በ11 ዓመቱ ቁመቱ 147 ሳንቲ ሜትር ግድም ይደርሳል። ያኔ በዚያው 41 ኪሎ ቢኤምአዩ 19 ይሆናል። ለ11 ዓመት ወንድ ልጅ 19 ጤናማ ከሚባለው ክልል ውስጥ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ መክሳት አይጠበቅበትም። ኪሎው ባለበት ይቁም፤ ቁመቱ ይደርስበታል። በወር ግማሽ ኪሎ ድረስ እንዲቀንሱ የምናደርጋቸው ልጆች አሉ። እነሱ ከእሱ በጣም የከበዱ ናቸው፤ የሚቀንሱትም በሐኪም ክትትል ነው።

ባለቤትዎ «ሲረዝም ይረግፍለታል» ያሉት እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው። የሚረግፍለት ኪሎው ከቁመቱ ጋር እኩል ካልሮጠ ነው። ዝም ብሎ ከተተወ አብዛኛውን ጊዜ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆኑ ልጆች 55 በመቶ ያህሉ በጉርምስናም እንደዚያው ናቸው። ወፍራም ከሆኑ ጎረምሶች ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ በአዋቂነትም እንደዚያው ይቀጥላሉ። የ9 ዓመት ልጅ ገና የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው። ጊዜ አለ፤ ግን ለመጠበቂያ የሚሆን ጊዜ አይደለም።

ታይሮይድ የሚለውን ለአሁኑ ይተዉት። የታይሮይድ ወይም የሌላ ሆርሞን ችግር ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ ይቀራል፤ ከእኩዮቹ ያጥራል። የእርስዎ ልጅ ለዕድሜው ከመካከለኛው ትንሽ ረዘም ያለ ነው። ከምግብና ከመጠጥ ብዛት የወፈሩ ልጆች እንደዚህ ናቸው። እኔ ከታይሮይድ በፊት የምጠይቅዎ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ለአስም ወይም ለቆዳ ተብሎ ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስዷል? «የምግብ ፍላጎት ይከፍታል» ተብሎ ከፋርማሲ የተገዛ ሽሮፕስ? ሳይፕሮሄፕታዲን ያለበት ሽሮፕ በትክክል ይከፍታል። ልጁ ትንሽ እያለ «አልበላ አለኝ» ተብሎ ተጀምሮ በዚያው የቀጠለበት ቤት አለ። አንዱም ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ፕሬድኒሶሎን ከሆነ ግን በራስዎ እንዳያቋርጡት፤ በድንገት ሲቋረጥ አደገኛ ነው።

የሚቀንስ መድኃኒት ለእሱ የለም። ከጥቂት የዘር ሕመሞች በቀር ለልጆች ውፍረት የተፈቀዱት መድኃኒቶች በአብዛኛው ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ናቸው። ለእነሱም ቢሆን የቤቱ አኗኗር ካልተለወጠ ብቻቸውን አይበቁም። ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ አያቀልጥም፤ በየቀኑ ሲሆን ደግሞ ጥርስ ይበላል። «ኮሶ አጠጪው» ወይም «የሚያስቀምጥ ስጪው» የሚል ሰው ከመጣ እምቢ ይበሉ። የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ኮሶ ደግሞ መጠኑ ካለፈ ይመርዛል።

ታዲያ ውፍረቱ ከየት መጣ? በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለ። ሦስቱ ልጆችዎ ከአንድ ትሪ እየበሉ አንዱ ብቻ የወፈረው በከፊል ለዚህ ነው። ዘሩን መለወጥ አንችልም። በዙሪያው ያለው ግን በእርስዎና በልጅዎ መካከል ባለው አንድ ትውልድ ብቻ ተለውጧል። እርስዎ ተማሪ በነበሩበት ጊዜ ለስላሳ የበዓል ነገር ነበር። ትምህርት ቤት በእግር ይኬዳል፣ ከትምህርት በኋላ እስኪመሽ ሰፈር ውስጥ ይሮጣል። አሁን ባጃጁ ከበር ወስዶ በር ያደርሰዋል። በየሱቁ ቺፕስና ብስኩት በልጅ ቁመት ልክ ተሰቅሏል። በጸጥታው ስጋት ልጆች በጊዜ ይገባሉ፤ ገብተውም ስልክ ላይ ይተከላሉ። ከዚህ ውስጥ አንዱ ብቻውን ልጅ አያወፍርም። በየቀኑ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲተርፍ ነው በዓመቱ ሱሪው የሚጠበው።

ከመጠጡ እጀምራለሁ፤ እዚህ ላይ ቀንቶኛል ብለው እያሰቡ ስለሆነ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ግድም ስኳር አለ። ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች ይውረድ ይላል። በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ግድም ለሚበቃው ልጅ ይህ 40 ግራም፣ ቢቻል 20 ግራም ማለት ነው። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን የተሻለውን ገደብ አለፈች። ስለዚህ ለስላሳውን ማቆምዎ ትክክል ነው። ጁሱ ግን በሌላ በር አስገባው። ጁስ ቤት የሚቀዳው የማንጎ ወይም የስፕሪስ ብርጭቆ የሁለት ሦስት ፍሬ ስኳር ይዞ፣ ላዩ ላይ የማንኪያ ስኳር ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ሳይታኘክ ስለሚወርድ አያጠግብም። ሦስት ማንጎ ቁጭ ብሎ የሚበላ ልጅ ብዙ አላየሁም፤ ሦስት ማንጎ በአንድ ትንፋሽ የሚጠጣ ግን ሞልቷል። ፍሬውን ራሱን ይስጡት፤ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ፓፓያ። ማር «ተፈጥሮ ነው» ተብሎ ከስኳር አይለይም፤ እዚህ ሒሳብ ውስጥ እኩል ነው የሚቆጠረው። ሻዩንም ይዩለት። ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጨመርበት ከሆነ በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ። በድንገት ቢያቆሙበት ያመፃል፤ ቀስ እያሉ ሲሆን ምላሱ ይለምዳል። ወተት ያለ ስኳር በቀን አንድ ሁለት ብርጭቆ ይጠጣ። ከዚያ ውጭ ውሃ ነው።

እንጀራውን አይንኩበት። የጤፍ እንጀራ ልጅ አያወፍርም፤ አሠር (ፋይበር) እና ብረትም አለው። በነጭ ዳቦና በፓስታ ከለወጡት ይባስ ይሆናል። ሽሮ፣ ምስር፣ ከደምቢያ የሚመጣው ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ሲገኝም የጣና ዓሣ፣ ሁሉም ለእሱ ጥሩ ናቸው። የሚታየው ሁለት ነገር ነው፤ መጠኑና ዘይቱ። በጋራ ትሪ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ፈጥኖ የሚበላ ልጅ የሁለት ሰው በልቶ ይነሳል። የ9 ዓመት ልጅ የአባቱን ያህል እንጀራ አያስፈልገውም። ከትሪው አያንሱት፤ በፊቱ የሚቀመጠውን ግን ይመጥኑ። ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ በእሱ በኩል በዛ ብሎ ይቀመጥ። ጭማሪ ሲጠይቅ «የለም» አይበሉት፤ «ትንሽ ቆይተን» ይበሉት። ጥጋብ አእምሮ ላይ እስኪደርስ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከዚያ በኋላ አሁንም ርቦኛል ካለ ይጨመርለት። «ምግብ አይጣልም፣ ጨርሰው» የሚለውን ግን ከቤትዎ ያስወጡት። የተረፈው ለነገ ፍርፍር ይሆናል።

ዘይቱን ማንም አይለካውም፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። አንድ ዘዴ ልስጥዎ። ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን የከፈቱበትን ቀን ላዩ ላይ ይጻፉበት። ቤትዎ ስድስት ሰው ነው። በሦስት ሳምንት ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሚሊ ሊትር ደረሰ ማለት ነው፤ ወደ 330 ኪሎ ካሎሪ፣ ከዘይት ብቻ። ያንኑ ጀሪካን አምስት ሳምንት ካቆዩት ወደ 200 ይወርዳል። ማንም ሳይራብ፣ ማንም «ዳይት ላይ ነኝ» ሳይል፣ ከስድስቱም ሰው በቀን 130 ኪሎ ካሎሪ ተነሣ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ አቁላልተው ዘይቱን በኋላ በማንኪያ መጨመር ነው። እናቶቻችን ዘይት ሲወደድ የሚያደርጉት ነው። ሳንቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲና የድንች ጥብስ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል።

ምግቡን ለእሱ ብቻ ልለይ ወይ ላሉት፣ አይሆንም። ይህን ከሁሉ ነገር አስቀድሜ ልነግርዎ የሚገባ ነበር። አንድ ልጅ ላይ ብቻ የሚጣል ደንብ አይሠራም። ቀጫጮቹም ልጆች ስምንት ማንኪያ ስኳር አያስፈልጋቸውም፤ ቀጭን መሆን ጥርስን ከመቦርቦር፣ ደምን ከስኳር አያድንም። ባለቤትዎ ከሥራ ሲመጡ ለስላሳ ከፍተው ልጁን «አንተ ውሃ ጠጣ» ቢሉት ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲያድግ እንደ አባቱ መጠጣት። ቤት ውስጥ የሌለውን ነገር መከልከል አያስፈልግም። ስለዚህ አይግዙት። እንግዳ ይዞት ከመጣ ተከፍቶ ለሁሉም በትንሹ ይቀዳና ያልቃል፤ ፍሪጅ ውስጥ አያድርም።

አሁን ወደ እናትዎ። አብዛኛው ምክር እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው። ደንብ የሚወጣው በእናትና አባት ነው፤ ልጁን ቀን የሚያውሉት ግን አያት ናቸው። ሐኪሙ አንድ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ አያት ግን በቀን አምስት ጊዜ ያጎርሳሉ። እሳቸውን ጥፋተኛ ከማድረግዎ በፊት ከየት እንደመጡ ያስቡ። የ77ቱን ድርቅ በዕድሜያቸው ያዩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው የከሳ ልጅ ማለት የሚታመም ልጅ ነው፤ ሞላ ያለ ልጅ ደግሞ የተረፈ ልጅ። ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ጤና ጣቢያም ስንሄድ ዓይናችን የሚፈልገው የከሳውን ነው። የወፈረው ልጅ «ደህና ነው» ተብሎ የሚያልፈውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ እናትዎን «አትስጪው» አይበሏቸው። ማጉረስ ፍቅራቸው ነው፤ ፍቅራቸውን ቀምተው ምንም ካልሰጧቸው በጓዳ ያጎርሱታል። ሥራ ይስጧቸው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚበላውን መክሰስ እሳቸው ይያዙት፤ የገብስ ቆሎ፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ ፍራፍሬ። ቆሎው በእሳቸው እጅ ይቆላ፣ በእሳቸው እፍኝ ይሰፈር። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ይዘዋቸው ይሂዱ። ልጁ ሲመዘን ይዩ፣ ሐኪሙ የሚለውን በጆሯቸው ይስሙ። ልጃቸው ስትነግራቸው የማይቀበሉትን ከሐኪም ሲሰሙ የሚቀበሉ አያቶች ብዙ ናቸው። ምናልባት «ዘመኑ ከፋ» ብለው ያጉረመርሙ ይሆናል፤ ያጉረምርሙ።

ትምህርት ቤቱ ላይ ብዙ አልልም። የኪስ ገንዘቡን ያቁሙና በምሳ ዕቃው መክሰሱን ይዞ ይሂድ፤ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ውሃ። ቁርስ በልቶ ይውጣ። ባዶ ሆዱን የሄደ ልጅ በረፍት ሰዓት ቦምቦሊኖ ፊት ሲቆም ልምከረው ቢሉት አይሰማም።

ጾምን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ እናቶች ስለሚጠይቁኝ። ሰባት ዓመት ያለፈው ልጅ በብዙ ቤት መጾም ይጀምራል። ስንት ሰዓት እንደሚጾም ከንስሐ አባታችሁ ጋር የምትወስኑት ነው፤ እኔ አልገባበትም። ጾምን ማክሻ አድርጎ መያዝ ግን አያዋጣም። እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ በዘይት የተጠበሰ ፓስቲና በስኳር የተሞላ ሻይ የሚቀበለው ልጅ በጾም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከሁዳዴ በኋላ ያለው የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ይታወቃል። በዓሉን አይንፈጉት፤ ዶሮውንም ዳቦውንም ይብላ። በዓል ግን ቀን አለው፤ ሳምንቱን ሙሉ በየዘመዱ ቤት ለስላሳ የሚጠጣ ከሆነ በዓል መሆኑ ቀርቷል።

እንቅስቃሴ ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም። ይህን የምነግርዎ ጂም ፍለጋ እንዳይወጡ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ፈጣን እርምጃ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በእግር ሮጦ ከአፍ ማምለጥ አይቻልም። ግን ለልብ፣ ለደም ስኳር፣ ለእንቅልፍና ለስሜቱ ምትክ የለውም። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያመጣ እንቅስቃሴ ነው። በአንዴ መሆን የለበትም። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ትምህርት ቤቱም 20 ደቂቃ ነው። ባጃጁን ይተዉት። ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ ሆነ። ጠዋት ከረፈደባችሁ መመለሻውን ብቻ ይጀምሩ። መጀመሪያ ላይ ያለከልካል። እየተራመደ ማውራት ከቻለ ደህና ነው። የቀረውን 20 ደቂቃ ግቢ ውስጥ ይጫወተው፤ ገመድ ዝላይ፣ አባሮሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ኳስ። መንገዱ በሚያሰጋበት ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ እስክስታ አለ። የምሬን ነው። የጎንደር እስክስታ በደንብ ከተመታ ሩብ ሰዓት የማያልብ ሰው የለም፤ «ዱባ» የተባለ ልጅም በእስክስታ ሊበልጣቸው ይችላል። በሩጫ አያወዳድሩት፤ ይሸነፍና ይጠላዋል። ሰላም ሲሆን ቅዳሜ ወደ ቁስቋም ወይም ወደ ጎሃ በእግር ውጡ፤ አባትየውም ጭምር።

ስልክና ቴሌቪዥን ምግብ ላይ አይኑሩ። ዓይኑ ስክሪን ላይ ያለ ልጅ መጥገቡን አያውቅም። ይህ ደንብ አባትየው የሚያዩትን የእንግሊዝ ኳስም ይጨምራል። ስልኩ ማታ ከልጁ ክፍል ይውጣ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ መሆን ይኖርበታል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፤ የሚያምረውም ጣፋጭ ነው። ለዚህም እራቱ 3 ሰዓት መሆኑ ይቅርና ወደ 1 ሰዓት ይምጣ። የከለከሉትን እራት በዚህ መልክ ነው የሚመልሱለት።

ስድቡን በተመለከተ፣ ቤት ውስጥ ማንም ስለ ሰውነቱ አይቀልድ። ወንድም፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ በፍቅር የሚሉትም ጭምር። አስተማሪውን ለብቻ ያነጋግሩ። ልጁን «ልትከሳ ነው» አይበሉት። «ቤታችን ውሃ ልንጠጣ፣ በእግር ልንሄድ ወሰንን» ይበሉት፤ እውነቱም ይኸው ነው። ከረሜላ ለሽልማት፣ ምግብ መከልከል ለቅጣት አይዋል። ጎበዝ ሲሆን ኳስ ይገዛለት፣ ወይም አባቱ አንድ ሰዓት ይጫወቱለት።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት አይጀምሩት፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ይፈርሳል። የመጀመሪያው ወር ሦስት ነገር ብቻ ነው። ከቤት ለስላሳና ጁስ ይጥፋ፤ ከትምህርት ቤት መመለሻው በእግር ይሁን፤ ምግብ ያለ ስክሪን ይበላ። ለስድስታችሁም። ሁለተኛው ወር ላይ ዘይቱንና መክሰሱን ይጨምሩ። እንቅልፉ በሦስተኛው ይምጣ። አንዱን ብቻ ነው የምችለው ካሉኝ መጠጡን ይያዙ።

አንድ ጊዜ ግን ሐኪም ይየው። የደም ግፊቱ በልጅ መለኪያ ይለካ፤ የደም ስኳሩም ይታይ። ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ካስፈለገ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ይጽፉልዎታል። ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚሄዱባቸው ምልክቶች አሉ። ሲተኛ በኃይል እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም የሚል ከሆነ። ውሃ ጥም በዝቶበት ሽንት ቶሎ ቶሎ ከሄደ፣ ወይም ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ። ሳይሞክር ኪሎው በፍጥነት ከወረደ። ዳሌውን ወይም ጉልበቱን አሞት ካነከሰ፤ በወፍራም ልጆች የዳሌ አጥንት ሊንሸራተት ስለሚችል ይህ አያድርም። ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣም እንዲሁ። አንገቱ ዙሪያና ብብቱ ጠቆር ብሎ ሻከር ካለ ቆሻሻ ነው ብለው አይፈትጉት፤ የደም ስኳርን የሚያስተካክለው ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን በሰውነቱ ውስጥ እንደሚገባው እየሠራ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል። አስቸኳይ ባይሆንም ይመርመር።

ሚዛኑን በወር አንዴ ብቻ፣ በአንድ ሚዛን ላይ፣ ልጁ ፊት ቁጥሩን ጮክ ሳይሉ ያድርጉት። ቁመቱን በየሦስት ወሩ ይለኩ። ሦስት ወር ቆይቶ 41 ወይም 41 ተኩል ላይ ከሆነ ሠርቷል፤ ምንም አልቀነሰም ብለው እንዳይተዉት። አንድ ወር ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ በተለይ የፋሲካንና የጥምቀትን ሰሞን ልኬት ለብቻው አይመኑት። ስድስት ወር ሙሉ ቤቱ ደንቡን ይዞ ኪሎው አሁንም እየወጣ ከሆነ ግን የሁላችሁንም ድካም በጽሑፍ ይዘው፣ የተመዘነበትን ቀንና ቁጥር ጨምረው ሐኪሙ ዘንድ ይመለሱ። ያኔ የሆርሞኑም ምርመራ ትርጉም ይኖረዋል።